ጥቆማ፦ ማርቆስ ላይ ምን የት ይሠራል? የአሮጌው ግቢ ነገር

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። በሥራ ተዛውራ ደብረ ማርቆስ ልትመጣ ነው። «ልብስ የት አስጠብባለሁ? ጫማ ማን ይሰፋልኛል? በርበሬስ ከማን ልግዛ?» እያለች ታከታትልብኛለች። እኔም ስዘረዝርላት ካርዴ አለቀ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። አዲስ የተመደባችሁ ተማሪዎችና መምህራንም ብታነቡት አትጎዱም።

አስቀድሜ ልናዘዝ። አድሏዊ ነኝ። ከጥቆማዬ ግማሹ የሚያርፈው አንድ ግቢ ላይ ነው። ግቢው ስም የለው፣ ታፔላ የለው። ከገበያው ወረድ ስትሉ በሁለት ሱቆች መሐል አንድ ጠባብ በር አለ፤ ሳታዩት ታልፉታላችሁ። ስትገቡ ሰፊ ደጅ ነው። መሐሉ ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ቆሟል፤ ዙሪያውን ደግሞ የጭቃ ቤቶች ተደርድረዋል፣ ቆርቆሯቸው ዝጎ ቀይ አፈር መስሏል። ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊ፣ ሸማኔ፣ ሰዓት ጠጋኝ፣ በርበሬ ነጋዴ፣ ጠላ ቤት አለው። ውሃው ለሁሉም አንድ ቧንቧ ነው።

ዋጋ አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያጣላናል።

እዚያ ግቢ ዕቃ ማስጠገን ለምን እንደሚያዋጣ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ማርቆስ ድሮ ስሟ መንቆረር ነበር። የቆረቆሯት ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ናቸው። በኋላ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም ከአፄ ዮሐንስ እጅ ዘውድ ጭነው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፤ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያንም የከተማዋ ስም ደብረ ማርቆስ ሆነ። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም አለ። ንጉሡ እዚህ ይቀመጡ እንጂ የነጋዴው ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። ትልቁ ገበያ ወደ አባይ በኩል የጁቤ፣ ባሶ የሚባለው ነው። ከአባይ ማዶ፣ ከነእናርያ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ቡናውን፣ ወርቁንና ዝባዱን እዚያ ያራግፋል። ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ ይህንን ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ከዚያ መኪና መጣ። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ማርቆስ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም መልሰው ገቡባት። በመካከሉ መንገድ ተጠርጓል። ከጦርነቱ በኋላ ከአዲስ አበባ አባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደር የሚሄደው ሁሉ በማርቆስ ያልፍ ጀመር። ሲራራው ቀስ በቀስ ቀረ፤ ነጋዴውም ወደ መንገዱ ተጠጋ።

ግቢውን የሠሩት አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ በዚያው ዘመን ነው ይላሉ ጎረቤቶቹ። ፊት ለፊት ሁለት ሱቅ ነበር፤ አቡጀዲ፣ ጨውና ላምባ ይሸጥበታል። ከኋላ ለገበያ የሚመጣው ባላገር የሚያድርበት ክፍል፣ የቆዳ መጋዘን፣ የበቅሎ ማሰሪያ። በሩ ለምን እንዲህ ጠበበ ብዬ ስጠይቅ የሰዓት ጠጋኙ ሳቀብኝ። «አንዲት የተጫነች በቅሎ ታልፍበታለች አይደል? ሌላ ምን እንዲያልፍ ፈልገህ ነው?» አለኝ። ወይራው ላይ ያለውን ጠባሳ ያሳያችኋል። የመጫኛ ገመድ የበላው ነው።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነ ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች ሄደ። ለነጋዴው ቤተሰብ የሚኖሩበት ቤት ብቻ ቀረ። ሌላው ክፍል በሙሉ የቀበሌ ሆነና ለየባለሙያው ታደለ። ኪራዩ ያኔም ትንሽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ዓመት ሙሉ የሚከፈለው አዲሱ የሱቆች ሕንፃ ላይ የወር ኪራይ አይሞላም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሕንፃው ላይ ሱቅ የተከራየ ሰው የእናንተን የተቀደደ ኪስ ሲሰፋ አንድ ሰዓት ቢያጠፋ ይከስራል። አዲስ ሱሪ ቢሸጥላችሁ ይሻለዋል። የግቢው ልብስ ሰፊ ግን አንድ ሰዓት ቢቀመጥም አይጎዳ። በእኔ ግምት ማርቆስ ላይ ጥገና የቀረው የቀበሌ ቤት ባለበት ነው። ያ ቤት ከማን ላይ እንደተወሰደ ግን አትርሱ። የነጋዴው ልጅ ዛሬም እዚያው ግቢ ናቸው፤ በርበሬ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። «እኔኮ በአባቴ ግቢ ውሃ የምቀዳው ተራ ጠብቄ ነው» ይላሉ። እየሳቁ ነው የሚሉት፤ ግን ሁልጊዜ ይሉታል።

አሁን ወደ ጥቆማው።

ልብስ። ሙሉ ልብስ ወይም የሠርግ ቀሚስ የምታሰፉ ከሆነ ወደ ሕንፃው ሂዱ። አዲስ መኪና አላቸው፣ ዳሩን በኦቨርሎክ ይዘጉታል፣ ሞዴሉንም በስልክ አሳይታችሁ ትመርጣላችሁ። ቀብድ ግን ከግማሽ በላይ አትስጡ። ቀጠሮ ሲሰጧችሁ ደግሞ ከሠርጉ አሥር ቀን በፊት በሉ። እኔ ለእህቴ ሠርግ ኮቴን የለበስኩት ገበሩ ሳይሰፋ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አላወለቅኩትም። የት እንዳሰፋሁ አልናገርም፤ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆኛል።

ማጥበብ፣ ማሳጠር፣ ዚፕ ማስቀየር፣ የልጆች ዩኒፎርም ከሆነ ግቢው ነው። ልብስ ሰፊውን ሁሉም «አያ» ነው የሚለው፣ እኔም እንዲሁ። መኪናው በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ነው፤ ወርቃማ ጽሑፉ ተፍቆ ሊጠፋ ደርሷል። መብራት ሲጠፋ ሕንፃው ላይ ያሉት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። አያ መጥፋቱንም አያውቅም፤ ካውያው የከሰል ነው።

አንድ ቀን ሸሚዝ ይዤለት ሄድኩ። ኮሌታው እጥፋቱ ላይ ተበልቶ ነጭ ክሩ ወጥቷል። የቤት ጨርቅ ላደርገው ነበር፤ ሚስቴ ናት አያ ይየው ያለችው። አገላበጠው። ከዚያ በምላጭ ጫፍ የኮሌታውን ስፌት አንድ በአንድ ፈታ፤ ጨርቁን ሳይነካ። ኮሌታውን ነቅሎ ገለበጠው። የተበላው ወደ ታች ሄደ፣ ከሥር የነበረው አዲስ የሚመስለው ወደ ላይ መጣ። መሐሉን ለማግኘት ለሁለት አጠፈው፤ ያለቀች የሳሙና ስባሪ ነበረችው፣ በእሷ ምልክት አደረገ። ጠመኔ አይወድም፤ ጥቁር ጨርቅ ላይ ይቀራል ይላል። ሰፍቶ፣ ተኩሶ ሰጠኝ። ሸሚዙን ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ ነው፣ እለብሰዋለሁ።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ልክ የሚወስደው በወረቀት ሳይጽፍ ነው። «በራሴ አለ» ይላል። ለአዲስ ስፌት ይህ አያስኬድም። የሁለቱን ወንድ ልጆቼን ዩኒፎርም አቀያይሮ ሰፍቶልኝ ያውቃል። ስለዚህ ቁጥሩን ራሳችሁ ጻፉና ጨርቁ ላይ በመርፌ ያዙለት። አይቀየምም።

ጫማ። የእህቴ ባል ከእኔ ጋር አይስማማም። «መናኸሪያው አጠገብ ያሉት ልጆች ይሻላሉ፤ ቆመህ ትጠብቃለህ፣ ወዲያው ይሰጡሃል» ይላል። ለሶል ማስለጠፍ ብቻ ከሆነ እውነቱን ነው። ማስቲሽ ቀብተው፣ ረግጠው ይሰጧችኋል። ክረምት ሲመጣ ግን ያ ማስቲሽ ይለቃል፤ የማርቆስ ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። የግቢው ጫማ ሰፊ ካጣበቀ በኋላ ዙሪያውን በሰም በተቀባ ክር ይሰፋዋል። ሁለት ቀን ያቆይባችኋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ግንቦት ላይ ስጡት። ሰኔ ላይ ወረፋው በሩ ድረስ ነው። ስፖርት ጫማ አይወድም፤ «ይህ ጫማ አይደለም፣ ስፖንጅ ነው» ብሎ ይመልስላችኋል። እሱን ለመናኸሪያው ልጆች ውሰዱ።

ጋቢ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ እንግዳ ሁሉ የሚሸወደው ጋቢ ላይ ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ነው። ድሩ ቀጥ ብሎ የተወጠረው ክር ነው፤ ማጉ በመሐሉ የሚመላለሰው። ዛሬ ድሩ የፋብሪካ ክር መሆኑ የተለመደ ነው፤ ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የእጅ ፈትል ድር ሲወጠር ቶሎ ይበጠሳል። ልዩነቱ ማጉ ላይ ነው። የእጅ ፈትል ማግ አንድ ወጥ አይደለም፤ እዚህ ጋ ይወፍራል፣ እዚያ ጋ ይቀጥናል። ጋቢውን ወደ ብርሃን አንሡና እዩት። መስመሩ ሁሉ በማስመሪያ የተሰመረ ከመሰለ ማጉም የፋብሪካ ነው። ዋጋው በዚያው ልክ መውረድ አለበት።

ሌላ ዘዴ አለ። ከዘርፉ አንዲት ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሷት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ከገባበት ግን ይኮማተርና ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ይህን ስታደርጉ የሚቆጣ ሻጭ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

የግቢው ሸማኔ መሬት ውስጥ በተቆፈረች ጉድጓድ እግሩን ከቶ ነው የሚሠራው። እዚያ የተዘጋጀ ጋቢ ተደርድሮ አይጠብቃችሁም፤ ታዝዛላችሁ። ፈትሉን ራሳችሁ ካመጣችሁ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የእናቴ ጓደኞች እንደዚህ ነው የሚያደርጉት፤ ዓመቱን ሙሉ ቡና ላይ እየፈተሉ ያጠራቅማሉ። ቸኩላችሁ ከሆነ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። ከባላገር ሴቶች እጅ የሚገኘው ጥሩ ነው፤ ግን በጠዋት። መንገድ ዳር በላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ለስጦታ እንጂ ለብርድ አልመክርም። ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት፤ ነሐሴ ላይ ታስታውሱኛላችሁ። ከመልበሳችሁ በፊት እጠቡት፤ ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ ስታዝዙ ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ እዘዙ።

በርበሬ። ጎጃም መጥታችሁ የተፈጨ በርበሬ ከሱቅ ከገዛችሁ እኔ አላውቃችሁም። ዛላውን ግዙ። ቡሬ በርበሬ አብቃይ ነው፤ እዚህም የሚመጣው ብዙው ከዚያ ወገን ነው። የማረቆ ይሻላል የሚል አለ፤ የአክስቴ ልጅም ከእነሱ ናት። ቀለሙ ያምራል፣ አልክድም። ለእኔ ወጥ የቡሬው ይስማማኛል፤ ለመንገዱም ቅርብ ስለሆነ ብዙ እጅ አይነካውም።

የግቢውን በርበሬ ሻጭ፣ እትዬን፣ የምወዳቸው አንድ ነገር ስለሚፈቅዱ ነው። ዛላውን ሰብራችሁ ውስጡን እንድታዩ ይተዋችኋል። ደግሞም እዩ። ከላይ ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ያለበት አለ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባለውን መርዝ ሊያመጣ ይችላል፤ መቁላላቱም ሙሉ በሙሉ አያጠፋው። እጃችሁ ውስጥ ስትጨብጡት መሰባበር አለበት። ከታጠፈ እርጥብ ነው፤ ውሃ በኪሎ እየገዛችሁ ነው ማለት ነው። እትዬ ዱቤም ይሰጣሉ፤ ግን ለማያውቁት ሰው አይደለም። ደብተራቸው ውስጥ የሞቱ ሰዎች ስም ሳይሰረዝ አለ። «ልጆቹ ይከፍሉኛል» ይላሉ። አንዳንዶቹ ከፍለዋል።

ወፍጮ ቤት ግቢው ውስጥ የለም፤ ሁለት አሉ፣ ሁለቱም ቅርብ ናቸው። የትኛው ይሻላል ብትሉኝ ቀኑን ጠይቁ እላለሁ። በርበሬ ከተፈጨ በኋላ ጤፍ የምታስፈጩ ከሆነ እንጀራችሁ ያቃጥላችኋል። በርበሬና ሽሮ ለየብቻ ወፍጮ ያለውን ምረጡ፤ ከሌለው ጤፋችሁን በጠዋት የመጀመሪያ ሆናችሁ ውሰዱ።

ማርና ቅቤ። ግቢው ውስጥ አይሸጥም፤ እኔም ሱቅ አልጠቁምም። ሰው ነው የምጠቁመው። ከቾቄ ተራራ ሥር ካሉት ቀበሌዎች ዘመድ ያለው የሥራ ባልደረባ ፈልጉ። አደይ ካበበ በኋላ፣ ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ አስመጡ። ማሩ ብርድ ላይ ሲረጋ «ስኳር ነው» ብላችሁ ሰው አታስቀይሙ። ንጹሕ ማርም ይረጋል፤ እዚህ ደጋ ላይ ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ የሚባሉት ፈተናዎችም አያስተማምኑም፤ ጎበዝ አጭበርባሪ ሁሉንም ያልፋል። ቅቤ ግን ይፈተናል። ትንሽ በማንኪያ አቅልጡት። ከሥር የሚዘቅጠው ከበዛ ቅቤ ብቻ አልገዛችሁም።

ሞባይል። ሕንፃው። በቃ። ግቢው ያለው ሰዓት ጠጋኝ ባትሪና ማሰሪያ ይቀይራል፣ የግድግዳ ሰዓት ያስነሣል፤ ስልክ ግን አይነካም። ሕንፃው ላይ ስክሪን ስታስቀይሩ ዓይናችሁ እያየ ይቀየር። እኔ ጥዬ ሄጄ ቡና ጠጥቼ ስመለስ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተገጠመልኝ በሳምንቱ በራሱ መደወል ጀመረ። አለቃዬ ጋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውሏል። ጣት ሳይነካው። መልሼ ብሄድ ልጁ ሥራ ለቆ ባሕር ዳር ሄዷል ተባልኩ። ስለዚህ ደረሰኝ ያዙ፤ የዋስትና ቀኑን በእጃቸው አስጽፉ።

ጠላ። የምትጠጡ ካላችሁ፣ በግቢው ማዶ ጥግ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ታያላችሁ። እሷ ናት። የዳጉሳ ጠላ ነው፣ ጠቆር ያለ፣ ጌሾው ያልበዛበት። የጠጅ አፍቃሪ የሆነ ጓደኛዬ «ይህን ለማንም ጠቁመህ አታጣብበን» ብሎኝ ነበር። አራት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነው ያላት። እንግዲህ ጠቆምኩ።

ለመሄድ ሰኞና ማክሰኞ ጥሩ ናቸው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ግቢው ባላገር ይሞላዋል፤ ማንም አያናግራችሁም። አያ ሐሙስ ከሰዓት ለቅሶም ባይኖር ለቅሶ ሄደ ይባላል፤ አትጠብቁት። ሚያዝያ 30 ቀን ደግሞ የማርቆስ ንግሥ ነው። ዕቃ የሰጣችሁ ካላችሁ ከዚያ በፊት ውሰዱ፤ ያን ዕለት ሁሉም በር ዝግ ነው፣ ቁልፉን የያዙት ሰዎች ደግሞ ሁሉም ጠላ ቤቷ ውስጥ ናቸው።